የአስታማሚ ፈቃድ

ዛሬ የምናገረው የሥራ ሕጋችን ስለዘለለው ሰው፣ ስለ አስታማሚ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛ ሲያገባ ከነደመወዙ 3 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመዱ ሲሞትም እንዲሁ 3 ቀን አለው። ባለቤቱ ስትወልድ አባት 3 ተከታታይ ቀን ያገኛል፤ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታርፋለች። ሠራተኛው ራሱ ቢታመም የሕመም ፈቃዱ እስከ 6 ወር ይዘልቃል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ። እናቱ ስትታመም ግን በስሙ የተጠራ ፈቃድ የለም። ያለው ለከባድና ላልተለመደ ችግር የሚፈቀደው፣ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርሰው፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ የማያልፈው ፈቃድ ነው። እናትን ለመቅበር የሚከፈልበት ቀን አለ፤ እናትን ለማስታመም የሚከፈልበት የለም። ይህ መታረም አለበት እላለሁ።

በአገራችን አስታማሚ ማለት ጠያቂ ማለት አይደለም። ወላይታ ሶዶ ከተማ ውስጥ ሆስፒታል የገባ ሁሉ የሚያየው ነው፤ ማልዶ ካርድ ክፍል የሚሰለፈው፣ ናሙናውን ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ የታዘዘው መድኃኒት ግቢው ውስጥ ሲጠፋ ማዘዣውን ይዞ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው የሚዞረው አስታማሚ ነው። ምግብ በምሳ ዕቃ ያመላልሳል፣ በሽተኛውን ያገላብጣል፣ ሌሊቱን አልጋው ሥር በሰሌን ወይም በካርቶን ላይ ያድራል። ታካሚው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተባለ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አብሮ ይጓዛል። ሆስፒታሎቻችን በሐኪምና በነርስ ብቻ አልቆሙም፤ ይህ ያልተከፈለበት ጉልበት አንድ ቀን ቢቀር ዋርዱ ሥራውን መቀጠል አይችልም። መንግሥት የሚጠቀምበትን ጉልበት ሕጉ እንደ ግል ጉዳይ ማየቱ ፍትሐዊ አይደለም።

«ዘመድ አዝማድ እያለን፣ እድር እያለን ሕግ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። መተሳሰባችን እውነት ነው፤ በእሱም እንኮራለን። ነገር ግን ወላይታ የገጠር ሕዝቧ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች አንዷ ናት። የእንሰቱ ጓሮ ለወንድማማች እየተከፋፈለ ጠብቧል፤ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ስኳር እርሻዎች ይሄዳል። ስለዚህ አባት ከኪንዶ ኮይሻ ወይም ከኦፋ ታሞ ሲመጣ የሚደወለው ሶዶ ለምትኖረው ልጅ ነው፤ ለመምህርቷ፣ ለባንክ ሠራተኛዋ፣ ለነርሷ። እሷም የዓመት ፈቃዷን ትጨርሳለች፤ በአዋጁ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ ባልደረቦቿን ሸፍኑልኝ ትላለች። ከዚያ በኋላ ያላት ምርጫ አባቷን ትታ መሄድ ወይም ከሥራ መቅረት ነው፤ ሳያስፈቅዱ ደጋግሞ መቅረት ደግሞ ለስንብት ይዳርጋል። ይህ ሸክም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በሴት ልጅ ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አርሶ አደሩና ነጋዴው ከዚህ ፈቃድ በቀጥታ አይጠቀሙም የሚለው ትችት ትክክል ነው፤ ሆኖም የእነሱ ሕመም የሚታከመው በዚህችው ደመወዝተኛ ልጅ ገቢ ስለሆነ ሥራዋን ማጣቷ ለእነሱም ኪሳራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የአሠሪዎች ተቃውሞ ነው። አሥር መምህራን ያሉት የግል ትምህርት ቤት ሁለቱ ለማስታመም ቢቀሩ ደመወዛቸውን ከፍሎ ምትክ ከየት ያመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስህተቱም ያለው ሕጉ ወጪውን ሁሉ በአንድ አሠሪ ላይ መጫኑ ላይ ነው። ዛሬ የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ የአሠሪው ዕዳ ስለሆነ ወጣት ሴት መቅጠር ገና ከመነሻው እንደ ኪሳራ የሚቆጠርበት ቦታ አለ። የማስታመም ፈቃድ በዚሁ መንገድ ከተጨመረ ችግሩን ያባብሰዋል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ መዋጮው ግን እርጅናን፣ የአካል ጉዳትንና ሞትን እንጂ ወሊድንም ማስታመምንም አያውቅም። ሩዋንዳ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ አሠሪና ሠራተኛ እያንዳንዳቸው ከደመወዝ 0.3 በመቶ የሚያዋጡበት የወሊድ መድን አቋቁማለች። በ10,000 ብር ደመወዝ ቢሰላ ከእያንዳንዱ ወገን 30 ብር ነው። የሩዋንዳው ለወሊድ ብቻ ስለሆነ ማስታመም ሲጨመር ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት። መንገዱ ግን ድሃ አገር የሄደበት መንገድ ነው።

ፈቃዱ ለማጭበርበር በር ይከፍታል ለሚሉ፣ የሕመም ፈቃድም ቢሆን በሐኪም ማስረጃ እንጂ በቃል እንደማይሰጥ ላስታውሳቸው። ለአስታማሚ ሠራተኛ የማሰብ ግዴታውም አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ልጅን ብቻ ሳይሆን እንክብካቤ የሚያሻውን ሌላ የቅርብ ቤተሰብም ይጨምራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል።

የሠራተኛ ሕግ ማውጣት የፌዴራል ሥልጣን ነው። ክልል ግን የራሱን የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር በሕግ መወሰን ይችላል፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫም ይህችው ሶዶ ናት። በክልሉ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ቢሮዎች ለሚሠሩ፣ ለወንዱም ለሴቷም እኩል፣ በዓመት 10 የሥራ ቀን ከነደመወዝ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛና ለወንድም ወይም ለእህት ማስታመሚያ ይፈቀድ። ለማስረጃው አዲስ ቢሮ ማቋቋም አያስፈልግም፤ ሆስፒታሉ በሽተኛውን ሲያስተኛ የአስታማሚውን ስም በካርዱ ላይ ይመዝግብ፣ ሲያስወጣውም ቀኑን ጽፎ ማኅተም ያድርግበት።