ይህ ዕቃ የማን ነበር?



በስድስት ኪሎ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ ወዲህ ስንት ተማሪ በደጁ አልፏል! በውስጡ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ገብታችሁ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ አንልም፤ እንተፋፈራለንና።

እዚያ ዕቃው የተደረደረው በየአገሩ ሳይሆን በሰው ዕድሜ፥ ከልደት እስከ ሞት ነው። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ብትገባ መንገዱ አይጠፋትም። አንቀልባ ብናሳያት አስተማሪዋ እርሷ፥ ተማሪዎቹ እኛ እንሆናለን።

እኛ የቤተ መዘክር ሙያ ለማስተርስ የምንማረው ግን ለሥራ ልምምድ ስንወጣ ሳምንቶቹን የጨረስነው በአንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ካርድ ስንጽፍ ነው። ይህን አንንቅም፤ ቁጥሩ የጠፋ ዕቃ ራሱም እንደ ጠፋ ነውና። አንድ ቀን ግን የመጡ ሕፃናትን አስጎብኙ ተባልን። አንዱ ልጅ በርጩማ አይቶ፥ «ይህ የማን ነበር?» አለን። በካርዱ ላይ ቁመቱንና ወርዱን፥ የእንጨቱንም ዓይነት ጽፈናል። ባለቤቱን የጠየቀ ግን ከእኛ ማንም አልነበረም። ልጁ መልስ ጠበቀ፤ እኛም ወደ ሚቀጥለው ዕቃ አለፍን።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ከልምምዱ ጊዜ እኩሌታው ከጎብኚው ጋር ይሁን፤ ተማሪውም ከሽማግሌው፥ ከሸማኔው፥ ከሸክላ ሠሪዋ የሰማውን በካርዱ ላይ ይጨምር፤ ለዚህም እንደ ፈተናው ሁሉ ማርክ ይሰጠው። ማርክ ካልተሰጠበት እንደማንሠራው እናንተም ታውቁናላችሁ።