የተቆራረጠ ድምፅ መነሻው የት ነው?



አንድ መሣሪያ ሲታወክ በመጀመሪያ የሚወቀሰው ብልሽቱ የተሰማበት ክፍል ነው። ልማዱ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ከንቱ ወጪም ያስከትላል። ለዚህ አንድ ቀላል ምሳሌ መመልከት ይበቃል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ከሚሴ ከመድረሱ በፊት ጨፋ ሮቢትን ያገኛል። በዚያች ከተማ አንድ ወጣት የጨዋታ ቤት ከፍቶ፣ ዋናውን የፕሌይስቴሽን መሣሪያ መግዛት ስላልቻለ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኢሙሌተር ጭኖ ይሠራል እንበል። ኢሙሌተር የአንዱን መሣሪያ አሠራር በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ የሚያካሂድ ፕሮግራም ነው። ምስሉ ይታያል፤ ድምፁ ግን ይንኮሻኮሻል፣ ይቆራረጣልም። ደንበኞቹ ሲያጉረመርሙ ወጣቱ ያጠራቀማትን ይዞ አዲስ ድምፅ ማጉያ ሊገዛ ወደ ኮምቦልቻ ለመሳፈር ይነሣል። ከመሳፈሩ በፊት ግን ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው፣ በዚያው ላፕቶፕና በዚያው ድምፅ ማጉያ ዘፈን ቢከፈት ድምፁ ጥሩ ነውን? ጥሩ ከሆነ ድምፅ ማጉያውና ሽቦው ነጻ ናቸው። ሁለተኛው፣ የሚሰማው መንኮሻኮሽ ሳይሆን የማያቋርጥ እምምታ ነውን? ቻርጀሩ ሲነቀል እምምታው ከጠፋ፣ ምክንያቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ከሚመላለሰው የመብራት ኃይል ወይም ከመሬት መስመሩ ጋር የተያያዘ ነው። በአንጻሩ ቻርጀሩ ሲነቀል መቆራረጡ ከባሰ፣ ላፕቶፑ ባትሪውን ለመቆጠብ ፍጥነቱን ቀንሷል ማለት ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1994) በጃፓን ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ድምፁን በሴኮንድ በ44,100 ናሙናዎች ያወጣል። ኢሙሌተሩ ናሙናዎቹን እያዘጋጀ በቋት ውስጥ ያኖራል፤ ድምፅ ማውጫውም ከቋቱ በማያቋርጥ ፍጥነት ይቀዳል። ነገሩ የቧንቧ ውሃ እየመጣ በሚሄድበት ቤት እንደሚቀመጥ በርሜል ነው። ውሃው ለአፍታ ቢቋረጥ በርሜሉ ያሳልፋል፤ የሚገባው ከሚቀዳው ዘወትር የሚያንስ ከሆነ ግን የበርሜል ብዛት አያድንም።

ይህም በቁጥር ይታያል። በሴኮንድ 50 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ የእያንዳንዱ ምስል ሥራ በ20 ሚሊሴኮንድ ማለቅ አለበት። ላፕቶፑ 25 ሚሊሴኮንድ ከወሰደ የሚያዘጋጀው 35,280 ናሙና ብቻ ነው፤ በየሴኮንዱ 8,820 ይጎድላል። 2,048 ናሙና የሚይዝ ቋት ከሩብ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርቃል። ቋቱ በእጥፍ ቢሰፋም ግማሽ ሴኮንድ አይሞላም፤ ከዚህም በላይ ድምፁ ከምስሉ ወደኋላ ይቀራል። ስለሆነም ቋት ማስፋት የሚጠቅመው አልፎ አልፎ ብቻ ለሚከሠት መቆራረጥ ነው። ለዘወትር ጉድለት መድኃኒቱ የምስሉን ጥራት ወደ ዋናው መሣሪያ ልክ መመለስ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን መዝጋትና ላፕቶፑን በሙሉ ኃይሉ ማሠራት ነው። ድምፁን እየለጠጠ ክፍተቱን የሚሸፍን ምርጫም በአንዳንድ ኢሙሌተሮች ይገኛል፤ ይሁንና መንኮሻኮሹን ይሸሽጋል እንጂ የጨዋታውን ዝግመት አያስቀርም።

ሌሎች ምልክቶችም የየራሳቸው መነሻ አላቸው። በ44,100 የተዘጋጀ ድምፅ ሳይለወጥ በ48,000 ቢወጣ ወደ 9 ከመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ ቃናውም ይቀጥናል። የተኩሱ ወይም የእርምጃው ድምፅ እየተሰማ ሙዚቃው ብቻ ከጠፋ ደግሞ ከዲስኩ ሲገለበጥ የሙዚቃው ክፍል ቀርቶ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

እንግዲህ ወጣቱ እነዚህን ጥያቄዎች በተራ ቢመልስ፣ ገንዘቡ በኪሱ እንዳለ ችግሩን ከቤቱ ሳይወጣ ሊያቃልለው ይችላል። የባለሙያም ተግባር ይኸው ነው፦ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ጉድለቱ የተሰማበትን ቦታ ጉድለቱ ከተፈጠረበት ቦታ መለየት።