ስለ ቤት ስፒከር ምርጫ፤ ጆሮ ይፍረድ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። በአነስተኛ ገንዘብ ከሚሸጡት የቤት ስፒከሮች ውስጥ ድምፁ የሚሻለው የትኛው ነው? ከመካከላችን ግን ሰበታ፤ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቤተ ሰብ ያለው ወይም ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሁሉ ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚመጣ ያውቃል። አባት ወይም እናት ዕቁብ የደረሳቸው ዕለት «አንተ ተምረሃልና የሚሻለውን ምረጥልን» ይላሉ። ገንዘቡ የብዙ ወር ቁጠባ ነው። እንግዲህ አደራውን ከተቀበልን በኋላ በሱቅ ደጃፍ በመብራቱ ብልጭታና በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ተማርከን ብንገዛ፤ መማራችን ምን ጠቀመ?

የምንለው ባጭሩ ይህ ነው። ለቤታችን የሚሻለው ስፒከር የሰውን ንግግር አጥርቶ የሚያሰማው ነው። ይህንንም የሚፈርደው ዐይን ሳይሆን ጆሮ ነው። የሚፈረድበትም ቦታ ሱቁ ሳይሆን የምንኖርበት ክፍል ነው።

አስቀድመን በካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው ዋት እንናገር። በብዙ ርካሽ ዕቃዎች ላይ «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ አጠገቡም ፒኤምፒኦ የሚሉ ፊደሎች ይታያሉ። ይህ ቁጥር ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኀይል አይደለም፤ ለቅጽበት ይደረስበታል ተብሎ የሚገመት፤ ወጥ መለኪያ የሌለው ቁጥር ነው። እውነቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አዳፕተሩን ገልብጦ ያንብብ። 12 ቮልትና 2 አምፔር የሚል ከሆነ ሁለቱ ሲባዙ 24 ዋት ይሆናሉ። 24 ዋት ተቀብሎ ሳያቋርጥ 1000 ዋት የሚሰጥ መሣሪያ በዓለም ላይ የለም።

ከዚህም በላይ ኀይሉ እጥፍ ቢሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» እንዲል ኀይሉ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ ባለ 20 ዋቱና ባለ 40 ዋቱ የዋጋቸውን ያህል አይራራቁም። ይልቁንስ የሚጠቅመው ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ ማወቅ ነው። 90 ዴሲቤል የሚያሰማው 84 ከሚያሰማው ጋር ቢወዳደር፤ ሁለተኛው እኩል ለመጮህ አራት እጥፍ ኀይል ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንለፍ። በእኛ አቅም የሚገኙት በሦስት ወገን ይከፈላሉ። እኛም በሦስቱ ከተሞች በጓደኞቻችን ክፍሎች ውስጥ እያፈራረቅን ሰምተናቸዋል።

የመጀመሪያው በባትሪ የሚሠራው ባለ ብሉቱዝ አንድ ሣጥን ነው። መብራት ሲጠፋ ያገለግላል፤ ከቤት ወደ ደጅ ይዘውት ይወጣሉ። ስቴሪዮ መባሉ ግን ከስም አያልፍም። ሁለቱ ድምፅ አውጪዎች በአንድ ስንዝር ውስጥ ስለተቀመጡ ጥቂት ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ቀኝና ግራውን አይለይም።

ሁለተኛው ሁለት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ ትልቅ የዉፈር ሣጥን ያለው ነው። በሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው የሚማረከው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ደረት ይመታል። ነገር ግን 2 ወይም 3 ኢንች ስፋት ያላቸው ትንንሾቹ ከ200 ኸርትዝ በታች ይደክማሉ። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረቱ ደግሞ ከ85 እስከ 180 ኸርትዝ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰውየው ለሁለት ይከፈላል፤ ደረቱ ከጠረጴዛ ሥር፤ ምላሱ ከቡፌ ላይ ይናገራል።

ሦስተኛው ያገለገለ፤ በእንጨት ሣጥን የተሠራ ጥንድ ስፒከር ከትንሽ አምፕሊፋየር ጋር ነው። መልኩ አያምርም፤ መብራትም የለውም። በንግግር ግን ከሦስቱ የበለጠው ይህ ሆኖ አግኝተነዋል። የሚገዛው ሰው አንድ ነገር ይመርምር። በድምፅ አውጪው ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራል፤ በጣት ቀስ ብሎ ሲነካ ከተቆረሰ ዕቃው ተጎድቷልና ይቅርበት።

ንግግርን መለኪያ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ እንደ ነበረ አንዘነጋም። ሰበታ ደግሞ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ማየት ለተሳነው ተማሪ በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ማለት መጽሐፉ ራሱ ነው። አንድ ፊደል ከጠፋበት ትምህርቱ ጎደለበት።

ቋንቋችንም ራሱ መልካም መመርመሪያ ይሰጠናል። አንድ ጓደኛ «መታ» እና «መጣ»፤ «ተራ» እና «ጠራ»፤ «ክብ» እና «ቅብ» እያለ በስልክ ይቅዳ፤ ቅደም ተከተሉንም ያዘበራርቅ። ሌሎቻችን ከክፍሉ ማዶ ሆነን የሰማነውን እንጻፍ። እነዚህን ድምፆች የሚለየው ነገር በብዛት የሚገኘው ከ2000 ኸርትዝ በላይ ነው፤ ርካሽ ዕቃም ብዙ ጊዜ የሚደፈርሰው እዚያው ላይ ነው። ላልቶና ጠብቆ የሚነበበውን «አለ» መጨመር ይገባል። በአፋን ኦሮሞም «ለፈ» መሬት ሲሆን «ላፋ» ለስላሳ ማለት ነው፤ የድምፁ ርዝመት በክፍሉ ማስተጋባት ከተዋጠ ትርጉሙም አብሮ ይዋጣል።

ከንግግር ቀጥሎ ሙዚቃ ይምጣ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ በአንድነት ስለያዘ የስፒከሩን ጉድለት ቶሎ ያጋልጣል። በገና ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአውታሮቹና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቆዳ፤ እንዝራው፤ ራሱ እንዲነዝር ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ የላላ ሣጥን ሲንጫጫ ሰሚው የበገናው ነዘር ይመስለዋል። በገናን ማስከተል የሚገባው ስፒከሩ በፒያኖና በንግግር ከተፈተነ በኋላ ነው።

እንዴት እንፍረድ? እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባደረጉት ሙከራ፤ ያው ሰው ያንኑ ስፒከር በዐይኑ እያየ ሲሰማና በመጋረጃ ተሸፍኖበት ሲሰማ የተለያየ ነጥብ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ለዚህም ይሠራል፤ ዐይን ካየ ጆሮ በቤቱ እንግዳ ይሆናል። እኛ ላቦራቶሪ የለንም፤ አንድ ነጠላ ግን አናጣም። ስፒከሮቹን በነጠላ ጋርደን፤ አንዱ ጓደኛ እየቀያየረ እናዳምጥ። ድምፃቸው እኩል መሆን አለበት፤ ትንሽ ጎላ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላልና። ነጋዴው ሊሸጠው የፈለገውን ከፍ አድርጎ የሚከፍተውም ስለዚህ ነው።

የቀረው የክፍሉ ነገር ነው። ሰበታ፤ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፤ ቤቶቻቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። ያው ጥንድ ስፒከር በብሎኬት ግድግዳና በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጮኽ፤ አቡጀዴ ኮርኒስ ባለው የጭቃ ቤት ውስጥ ይለሰልሳል፤ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ቆርቆሮው አብሮ ይንቀጠቀጣል። የክፍሉ ርዝመት 4 ሜትር ከሆነ 43 ኸርትዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ በግድግዳው አጠገብ ይገዝፋል፤ በመካከል ይጠፋል። ይህን በገንዘብ ሳይሆን በእጅ ማስተካከል ይቻላል። ስፒከሩን ከማዕዘን ማራቅ፤ ከቡፌው አውርዶ በጆሮ ልክ በጠንካራ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ፤ በባዶው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም ጋቢ መስቀል፤ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለውን ያህል ርቆ ከሁለቱም እኩል መቀመጥ። ይህ ሁሉ በነጻ ነው።

ወፍራሙ ድምፅ በግድግዳ አልፎ ጎረቤት ዘንድ እንደሚገባም እናስታውስ። በኪራይ ግቢ የሚኖር ተማሪ የዉፈሩን ኀይል ቢቀንስ ንግግሩም ይጠራለታል፤ የጎረቤት ሕፃንም ይተኛል።

እንግዲህ የማኅበሩ አባሎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። አንደኛ፤ በየከተማው ያሉ ተማሪዎች እየተሰባሰቡ፤ ዕቃ ያላቸው እያዋሱ፤ ከመግዛት በፊት በነጠላ ጋርደው ያዳምጡ። ለፍርዱም በመስማት የሚማሩ ጓደኞቻችን በፊተኛው ወንበር ይቀመጡ። ሁለተኛ፤ የተገኘውን ውጤት በግልጽ ቋንቋ ጽፈው ለየቤታቸው ያድርሱ። ወላጆቻችን ያመኑን ዕቃ የሚያምርበትን እንድንነግራቸው አይደለም፤ ይህንንማ እነሱም ያያሉ። ያመኑን የማይታየውን እንድንለይላቸው ነው።