የሕፃኑ ምስጢር አማና ነው
(ለወላጅ አጥ ሕፃናት የምክር አገልግሎት ሰጪዎች ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

የቲሞችን ስለ መርዳት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ለእነዚህ ደረሰኝ አለን፤ ኦዲተርም ይመረምራቸዋል። ሕፃናቱ ግን ደረሰኝ የማይቆረጥለት ሌላ ንብረትም በእጃችን ያኖራሉ፤ እርሱም የልባቸው ምስጢር ነው። ገንዘባቸው አማና እንደ ሆነ ሁሉ ምስጢራቸውም አማና ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ይደነግጋል።

ይሁን እንጂ ምስጢር መጠበቅ ወሰን አለው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብላ፣ የሚያሳድጋት አጎቷ እንደሚደበድባት ለአማካሪዋ ብትነግራትስ? አማካሪዋ አስቀድማ ቃል ከገባች በሁለት ጥፋቶች መካከል ትያዛለች። ብትናገር ቃሏን ታፈርሳለች፤ ዝም ብትል ልጅቱን ለዱላ ትተዋለች።

የሙያው ታሪክም ስለዚህ ወሰን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ታካሚ አንዲት ወጣት ለመግደል ማሰቡን ለሥነ ልቦና ባለሙያው ገለጸ። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ቢያሳውቅም ወጣቷንም ሆነ ቤተሰቧን ያስጠነቀቀ አልነበረም፤ ተገደለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976፣ ታራሶፍ በተሰኘው መዝገብ፣ ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ።

ስለሆነም ወሰኑ መነገር ያለበት ልጁ ከመናገሩ በፊት ነው። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «የምትነግሪኝን ለሌላ ሰው አላወራም። ነገር ግን የሚጎዳሽ ሰው ካለ፣ ወይም ራስሽን ለመጉዳት ካሰብሽ፣ ሊጠብቅሽ የሚችል ሰው እንዲያውቅ አደርጋለሁ። ለማን እንደምናገርም አስቀድሜ እነግርሻለሁ።»

ሁለተኛው ፈተና ከድጎማው ጋር የተያያዘ ነው። ወርኃዊ ድጎማ የሚመዘግበውና የልጆችን ችግር የሚያዳምጠው አንድ ሰው ሲሆን፣ ልጁ በነፃነት አይናገርም። እናቱ ዳግም ማግባቷን ወይም ከትምህርት ገበታው መቅረቱን ቢገልጽ ቀለቡ እንዳይቋረጥ ይሰጋል። ስለዚህ ድጎማውን አያሳጣኝም ብሎ ያሰበውን ብቻ ይነግረናል። ከተቻለ ሥራው ለሁለት ሰዎች ይከፈል። ካልተቻለም በምክር ሰዓት የተነገረ ነገር ለድጎማ ውሳኔ እንደማይውል በጽሑፍ ይወሰን፤ ለልጁና ለአሳዳጊውም ይነገር።

ሦስተኛው ለደጋፊዎች የምንጽፈው ሪፖርት ነው። ደጋፊው፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰና ገንዘቡ ለምን እንደ ዋለ ማወቅ ይገባዋል። አባቱ በምን በሽታ እንደ ሞተ ወይም ልጁ ሌሊት ምን እያየ እንደሚባንን ግን በሪፖርት አይገባም። እንባ የሚያስፈስስ ታሪክ ብዙ ገንዘብ ሊያስገኝ ይችላል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ነገ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው። «ታሪኬ ይጻፍ» ብሎ ቢፈቅድ እንኳ፣ እምቢ ቢል ድጎማው እንደማይቀርበት ካላወቀ ፈቃዱ ፈቃድ አይባልም።

ወንድሞችና እህቶች፤

ወደ ቢሯችን ስንመለስ በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ የምክር መዝገቡ ያለበት ሳጥን ቁልፍ በእነማን እጅ ነው? ሊያየው የማይገባ ሰው ቁልፉን ይዞ ከተገኘ፣ ሥራችንን ከዚያ እንጀምር። አላህ አማናቸውን ከሚወጡት ያድርገን።