የስዊች ፖርቶች የሥራ ድርሻ አወሳሰን
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሚገኘው የቤት እስራኤል ዲከነስ የሕክምና ማዕከል የኮምፒዩተር ኔትዎርክ ለቀናት በመታወኩ፣ ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ወረቀት ሥራ ለመመለስ ተገድደው ነበር። ኔትዎርኩ ከዓመት ወደ ዓመት እየተቀጠለ በመስፋፋቱ፣ ስዊቾቹ የሚተዳደሩበት የስፓኒንግ ትሪ ሥርዓት ሊሸከመው ከሚችለው መጠን አልፎ ነበር። በተለመደው የጊዜ ልክ በሁለት ጫፎች መካከል ከ7 የሚበልጡ ስዊቾች እንዳይኖሩ ይመከራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የትኛው ፖርት እንደሚሠራና የትኛው እንደሚታገድ መወሰን ለመሣሪያው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

እንደሚታወቀው፣ አንዱ ገመድ ሲበጠስ ሥራ እንዳይቋረጥ መጠባበቂያ መስመር ይዘረጋል። ይሁን እንጂ መጠባበቂያው በስዊቾች መካከል ቀለበት ይፈጥራል። የኢተርኔት መልእክት ዕድሜውን የሚገድብ ቁጥር ስለማይዝ፣ ለሁሉም የተላከ መልእክት በቀለበቱ ውስጥ እየዞረና እየተባዛ መስመሩን በሙሉ ያጨናንቃል። ራዲያ ፐርልማን በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሲሠሩ በ1985 ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነውን ሥርዓት ነደፉ፤ በ1990ም 802.1ዲ በተባለው ደረጃ ውስጥ ታወጀ።

አወሳሰኑ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ የሥር ስዊች ይመረጣል። እያንዳንዱ ስዊች ከቅድሚያ ቁጥርና ከፋብሪካ ከተሰጠው የማክ አድራሻ የተዋቀረ መለያ ሲኖረው፣ አነስተኛው መለያ ያሸንፋል። ቀጥሎ ከሥሩ በቀር እያንዳንዱ ስዊች በአነስተኛ ወጪ ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን አንድ ፖርት የሥር ፖርት ያደርጋል። በመጨረሻም በእያንዳንዱ መስመር ላይ ወደ ሥሩ የሚያደርሰው ወጪ የሚያንሰው ስዊች ፖርት የተመደበ ፖርት ይሆናል፤ የቀሩት ይታገዳሉ። ወጪው እኩል ከሆነ የላኪው ስዊች መለያ፣ እርሱም ካልለየ የላኪው ፖርት መለያ ይዳኛል።

ለምሳሌ ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ስዊቾች በሦስት ማዕዘን ተያይዘዋል እንበል፤ ሥሩ ሀ ነው። ከሀ ወደ ለ እና ከለ ወደ ሐ ያሉት መስመሮች ባለ 1 ጊጋቢት ስለሆኑ የእያንዳንዳቸው ወጪ 4 ነው፤ ከሀ ወደ ሐ ያለው ግን ባለ 100 ሜጋቢት በመሆኑ ወጪው 19 ነው። ሐ ከሀ ጋር በቀጥታ ቢገናኝም፣ በለ በኩል ያለው መንገድ ወጪ 8 ብቻ ስለሆነ የሥር ፖርቱ ወደ ለ የሚያመራው ይሆናል፤ ወደ ሀ የሚያመራው ይታገዳል። ቅርበት በገመድ ቁጥር ሳይሆን በወጪ ድምር ይለካልና።

አደጋው የሚመጣው ምርጫው ሳይታሰብበት ሲቀር ነው። ቅድሚያ ቁጥሩ ካልተለወጠ ሁሉም ስዊች 32768 ይዞ ይቀርባል፤ ያን ጊዜ ዳኛው የማክ አድራሻ ይሆናል። በአንድ ጓዳ የተረሳ አሮጌ ስዊች አነስተኛ አድራሻ ስላለው ብቻ ሥር ሊሆን፣ የድርጅቱም መልእክት በደካማ መስመሮቹ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ለዋናው ስዊች 4096፣ ለተጠባባቂው 8192 መስጠት ይገባል። የተጠቃሚ ኮምፒዩተር የሚሰካባቸው ፖርቶችም የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ከደረሳቸው እንዲዘጉ ማዘዝ ያስፈልጋል። በ2001 የወጣው ፈጣኑ ዓይነት ተለዋጭና ተጠባባቂ የተባሉ የፖርት ድርሻዎችን በመጨመር፣ ቀድሞ እስከ 50 ሴኮንድ ይወስድ የነበረውን ማገገም እጅግ አሳጥሮታል። ሆኖም ፈጣን ስሌት የተሳሳተ ምርጫን አያርምም።

እንግዲህ ባለሙያው ገመድ ከመሰካቱ በፊት የእያንዳንዱን ፖርት ድርሻ በወረቀት ላይ አስልቶ፣ ስዊቹ ከሚያሳየው ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ሙያም ይሠራል፤ በመስመሩ ማዶ የሐኪሙን ትእዛዝ የሚጠብቅ ሕመምተኛ ሊኖር ይችላልና።