ገና ያልተከፋፈለው ዓመት

የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች፤

ግቢ ከገባችሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብላችሁ ያለፈ ሳምንት ያለ አይመስለኝም። አጎት በስልክ ይጠይቃል፣ የዶርም ጓደኛ ማታ ማታ ይጠይቃል፦ «የትኛውን ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው? አንቺስ?» መንገዱና ሕንጻው በየቦታው ይገነባ በነበረበት ጊዜ መልሱ በአብዛኛው «ሲቪል» ነበር። ዛሬ «ሶፍትዌር» የሚለው በርክቷል። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ያለጊዜው መጥቷል ባይ ነኝ። ይህ ዓመት ሁላችሁም በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የምትቀመጡበት ብቸኛው ዓመት ነው። ከዚህ በኋላ መካኒካሉ ወደ ወርክሾፑ፣ ኤሌክትሪካሉ ወደ ላቦራቶሪው ይሄዳል፤ ብዙዎቻችሁም በተማሪነት ዘመናችሁ ዳግመኛ አትገናኙም። ምህንድስና ሳይከፋፈል፣ ሙሉውን ማየት የምትችሉት አሁን ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመልሷል። ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ትማራላችሁ። «ኢንጂነር ልሆን መጥቼ ጂኦግራፊ ምን ይሠራልኛል?» የሚል ቅሬታ በየዶርሙ እንደሚሰማ አውቃለሁ። እኔ ቅሬታውን አልጋራም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራው ዓባይ የዓመቱን ውኃ አብዛኛውን በክረምት ጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚያወርደው ነው፤ ተርባይኑ ግን በመጋቢትም መዞር አለበት። ግድቡን ከማስላት በፊት ዝናቡን ማወቅ ይቀድማል። ጂኦግራፊን ለፈተና ሸምድዶ የጣለ ተማሪ ይህን ሳያስተውል ያልፋል።

አሁን ወደ ስታቲክስ ልምጣ፤ ብዙ ተማሪ የሚደናገጥበት ኮርስ ነውና ጥቂት ብቆይበት ደስ ይለኛል። አክሱም የሄደ ሰው ተሰባብሮ የተጋደመውን ግዙፍ ሐውልት ሳያይ አይመለስም። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል እንደሆነ ይገመታል። ብዙ ተመራማሪዎች ሐውልቱ እየተተከለ ሳለ፣ ወይም ገና እንደ ቆመ፣ ወደቀ ይላሉ። ወረቀት አውጡና ፍሪ ቦዲ ዳያግራሙን ሣሉ። መሬቱን አጥፉት፣ ገመዱን አጥፉት፣ ሰዎቹን አጥፉ፤ ድንጋዩ ብቻውን ይቅር። ከዚያ ያጠፋችሁትን ሁሉ በቀስት መልሱ፦ ክብደቱ ከስበት ማዕከሉ ቁልቁል፣ ጉተታው በገመዱ አቅጣጫ፣ የመሬቱ ግፊት ከሥር። ክብደቱን የሚያመለክተው ቀስት ከመሠረቱ ወርድ ውስጥ እስካረፈ ድረስ ሐውልቱ ይቆማል። ከዚያ ካለፈ፣ የተቀበረው እግሩ ይዞ ካላስቀረው በቀር ይዞራል። የዚህ ሐውልት እግር ደግሞ ከቁመቱ አንጻር እጅግ አጭር ነበር። ያን ያህል ድንጋይ ጠርበው ያጓጓዙ ሰዎች የደረሰባቸውን ለመረዳት ሦስት ቀስት ይበቃል። ስታቲክስ ይህን የመሰለ ትምህርት ነው፤ በቀመር ብዛት የሚያስፈራራችሁ ካለ አትስሙት።

እዚያው ሜዳ ላይ ስለ ቆመው ሌላው ሐውልት ደግሞ ስሙ። 24 ሜትር የሚረዝመው ይህ ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወሰደ፤ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን፣ በሦስት ምልልስ ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። ይህን ሥራ የየትኛው ዲፓርትመንት ሥራ ትሉታላችሁ? ቦታው ሲጠና ከመሬት በታች ያልታወቁ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታየ፤ ስለዚህ የምድር ፊዚክስና የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ቀድሞ መግባት ነበረበት። ክፍሎቹን ለማያያዝ ከብረት ይልቅ የአራሚድ ዘንግ ተመረጠ፤ ያ የማቴሪያል ዕውቀት ነው። ማንሻ ማማው የመካኒካሉ፣ መሠረቱ የሲቪሉ ነው። አጠገቡ ያለው ሦስተኛው ሐውልት ዘመም ያለ ስለሆነ በሥራው ንዝረት እንዳይጎዳ በገመድ መደገፍ ነበረበት። አንዱ ባለሙያ የሌላውን ቋንቋ ባይሰማ ኖሮ ሐውልቱ ዛሬም በመጋዘን ነበር። ያንን ቋንቋ አንድ ላይ የምትማሩት ዘንድሮ ነው።

ስለ ዝንባሌ ሲነሣ «ከልጅነቱ ጀምሮ ሬዲዮ ይፈታታ ነበር» የሚባልለት ልጅ ይወደሳል። ይገባዋል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ከመጣችሁባቸው ትምህርት ቤቶች ላቦራቶሪ ቁልፉ የጠፋ ክፍል ነበር፤ ቮልት መለኪያ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው የምታውቁት። በዚህ አትሸማቀቁ። ሬዲዮ የሚፈታታው ልጅ የሚፈታታው ሬዲዮ ስላገኘ ነው። የምህንድስና ፍቅር ዘግይቶም ይመጣል፤ የሚመጣውም እጅ ሥራ ሲነካ ነው።

የወደፊቱን በተመለከተ በቀጥታ ልናገር። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ቅድሚያ በሰጠው የ70 በ30 የትምህርት ምጣኔ ምህንድስና የሚማረው ተማሪ ብዙ ሲሆን፣ ወርክሾፖቻችን በዚያው ልክ አላደጉም። ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ታላላቆቻችሁን ታውቃላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመውጫ ፈተና አለ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ጥሩ ዲፓርትመንት ገባ» ማለት ሥራ አገኘ ማለት እንዳልሆነ ብትረዱለት ትልቅ ሸክም ታወርዱለታላችሁ። ግሬድ ያስፈልጋል፤ ምደባው በእሱ ነውና ቸክሉ፣ አጥኑ። ሆኖም በዲፓርትመንት ስም ላይ የቆመ ዕቅድ ፋሽኑ ሲለወጥ ይወድቃል። አንድ የምታውቁትን ችግር ያዙና ዕቅዳችሁን በእሱ ላይ አቁሙ።

እንዴት ቢሉ፣ ለሴሚስተሩ ዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ የሰፈሩ ቦኖ ዘንድ ሂዱ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ በስልካችሁ ለኩ። 100 ሴኮንድ ፈጀ እንበል፦ በሰዓት 720 ሊትር፣ በቀን አሥር ሰዓት ቢቀዳ 7,200 ሊትር ነው። በአገራችን ለገጠር ሰው የተቀመጠው የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያ በቀን 25 ሊትር ነበር፤ ስለዚህ ይህ ቦኖ የሚበቃው ለ288 ሰው ነው። አሁን ወረፋ ላይ ያሉትን እናቶች ለስንት ሰው እንደሚቀዳ ጠይቁ። ቁጥሩ ከ288 ከበለጠ ውኃው ለምን እንዳነሰ ፈልጉ፦ ፓምፑ ነው? ኃይሉ ነው? ቱቦው ጠቦ ነው? ወይስ ጉድጓዱ ራሱ ደክሟል? መልሱ መካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሲቪል ወይም የውኃ ምህንድስና ሆኖ ይገኛል። የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ ሲሰጣችሁ ይህን ሁሉ የጻፋችሁበትን ደብተር አጠገባችሁ አድርጋችሁ ሙሉት።

ለመምህራን ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወርክሾፕ የሚገባው ዲፓርትመንት ከያዘ በኋላ ነው የሚለውን ልማድ እንተው። ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፑን ክፈቱላቸው፤ አንድ የላቦራቶሪ ረዳት ይኑር፣ የተበላሸ ፓምፕ ከመጋዘን ይውጣና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥላቸው። አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የተበላሸ ፓምፕ ያልሞላበት መጋዘን የለንም። ቁልፉን የሚይዝ ፈቃደኛ ሰው ከዛሬ ስብሰባ በኋላ ስሙን ቢሰጠኝ፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ እገኛለሁ።