ከአባቶቻቸው ሀገር ርቀው ለሚያድጉ ሕፃናት ፊደልንና ዜማን ስለ ማስተማር

በቤተ ክርስቲያኑ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ይህ የጉለሌ ሰፈር በስሙ የሚጠራበት ሐዋርያ፥ ቅዱስ ጳውሎስ፥ ከአባቶቹ ሀገር ውጭ የተወለደ ልጅ እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ትውልዱ በኪልቅያ በምትሆን በጠርሴስ ነው፤ በዚያ ከተማ ገበያው በጽርእ ቋንቋ ይነግድ ነበር። እርሱ ግን የአባቶቹን ሕግ በኢየሩሳሌም በገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። ኋላም ተይዞ በቆመ ጊዜ የሻለቃውን በጽርእ፥ የሕዝቡን በዕብራይስጥ ቋንቋ አነጋገረ፤ አንዱ ቋንቋ ሌላውን አላጠፋበትም።

ዛሬም ከዚህ ሰፈር የወጡ ብዙዎች በዋሽንግተን፥ በቶሮንቶ፥ በፍራንክፈርት ቤት ሠርተው ልጅ ወልደዋል። አያት በስልክ «እንደምን አደርህ ልጄ» ስትል የልጅ ልጅ ድምፅዋን ያውቃል፤ ቃሏን ግን አያውቅም፤ እናት በመካከል ገብታ ካላስተረጐመች በቀር ጨዋታው ከዚያ አያልፍም። እንግዲህ እነዚህ ሕፃናት ምን ይማሩ፥ እንዴትስ ይማሩ የሚለው ነገር የሩቅ ሰዎች ነገር ሳይሆን የዚሁ ደብር የገዛ ቤቱ ነገር ነው። ምስክር ለመፈለግም ባሕር መሻገር አያሻም፤ በዚህ በአዲስ አበባ ከተማ በአርመን ልጆች የታየው ይበቃል።

አርመኖች በሃይማኖት የእኅት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ እነርሱም ሦስቱን ጉባኤያት ተቀብለው የኬልቄዶንን ጉባኤ አልተቀበሉም። በንግሥት እሌኒ ዘመን ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክት ይዞ የሄደው ማቴዎስም አርመናዊ ነበር። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት በዚህ ሕዝብ ላይ ታላቅ እልቂት በወረደ ጊዜ፥ ከቅዱስ ጳውሎስ ሀገር ከኪልቅያም ከሌላውም አውራጃ የተረፉት ወላጅ አልባ ሕፃናት በየሀገሩ ተበተኑ፤ ከእነርሱም በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም ተጠግተው ያደጉ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ እነዚህ ልጆች መለከት ሲነፉ ሰሙ፤ ደስም ስላሰኛቸው ከአርመኑ ፓትርያርክ አርባውን ለምነው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች የሚያነሡት የመለከቱንና የሰልፉን ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ከልጆቹ ጋር የመጣው ሰው ነው፤ ቄስ ሆቫንስ ስሞንያን አብሮአቸው መጥቶአልና። አባትና እናት ለሌለው፥ ሀገሩም ለጠፋችበት ልጅ የወገኑን ጸሎት በጆሮው የሚያሰማው ካህን ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የዓይንታብ ሰው ነበር። «ማርሽ ተፈሪ» የተባለውን ዜማ የደረሰ እርሱ ነው፤ ቃሉን የጻፈው ደግሞ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የወጣው፥ በቅኔ የበሰለው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ስደተኛው ዜማውን፥ የቅኔው ልጅ ቃሉን አዋጥተው የመንግሥቱ መዝሙር ሆነ፤ እስከ ዘውዱ ሥርዓት ፍጻሜም ድረስ ተዘመረ። የአባቱን ቅርስ የያዘ ስደተኛ ለተቀበለው ሀገር ሸክም አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አይገኝም።

በአዲስ አበባ የተቀመጡት አርመኖች የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ኬቮርኮፍ የሚባለውንም ትምህርት ቤት አቆሙ። በዚያ ያደገ ልጅ በመንገድ አማርኛ ይናገራል፤ በቤቱ የዘመኑን አርመንኛ ይናገራል፤ በቅዳሴ ጊዜ ደግሞ «ግራባር» የሚሉትን የጥንቱን አርመንኛ ይሰማል። ግራባር ለአርመን ልጅ፥ ግእዝ ለኢትዮጵያ ልጅ እንደ ሆነው ነው። ቅዱስ መስሮፕ በአምስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የሠራቸው 36ቱ ፊደላት፥ ንጉሥና ወሰን ለሌለው ሕዝብ ብዙ ዘመን እንደ ቅጥር ሆነው ጠበቁት። ነገር ግን እውነቱ አይሸሸግም፤ ቀድሞ ከአንድ ሺህ በላይ የነበሩት የአዲስ አበባ አርመኖች ከአብዮቱ በኋላ ወደ ልዩ ልዩ ሀገር ሄደው ዛሬ እጅግ ጥቂቶች ቀርተዋል። ትምህርት ቤት ያለ ልጅ፥ ቤተ መቅደስም ያለ ካህን ሊቆም አይችልምና።

ስለ ዜማም አርመኖች የሚያስደነግጥ ታሪክ አላቸው። በሀገራችን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን ምልክት እንደ ሠሩ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቁርጥ የሚባሉት ናቸው፤ ኋላም ድርስና አንብር ተጨመሩ። አርመኖችም «ኻዝ» የሚባል እንዲህ ያለ ምልክት በብራና ላይ ነበራቸው። ነገር ግን መምህር ለደቀ መዝሙር በአፉ ማስተላለፉ እየተቋረጠ ስለ ሄደ ምልክቱ በመጽሐፉ ላይ ቀረ፥ የሚያነበው ግን ጠፋ። ኮሚታስ የተባለው ካህን ምሥጢሩን ለማግኘት ብዙ ደከመ፤ በ1907 ዓ.ም. ተይዞ በተጋዘ ጊዜ ሥራው ከእጁ ወደቀ። ዛሬ «ዜማው በመጽሐፍ አለ፥ በካሴትም ተቀድቶአል፥ በስልክም ይገኛል፤ ስለዚህ አይጠፋም» የሚሉ ሰዎች ይህን ነገር ቢያስቡት መልካም ነበር። ርክርክን ቀይ ነጥብ አያስተምረውም፤ የመሪጌታ ጉሮሮ ነው የሚያስተምረው፤ ልጁም ሲስት የሚያርመው ያስፈልገዋል።

የጆርጅያ ሰዎች አደጋውን ቀደም ብለው አዩት። ቤተ ክርስቲያናቸው በሩስያ ሥልጣን ሥር ባለችበት ዘመን አረጋውያን መዘምራን እያለቁ ሲሄዱ፥ ዜማውን ከአፋቸው እየሰሙ የጻፉ ሰዎች ተነሡ፤ ኤክቭቲሜ ኬሬሴሊድዜ የተባለው መነኩሴም መጻሕፍቱን በሶቪዬት ዘመን ሸሽጎ አተረፋቸው። ዜማቸው በሦስት ድምፅ የሚባል ነው፤ ስለዚህ አንድ ሕፃን ብቻውን ሊይዘው አይችልም፥ ጓደኞች ያሻዋል። ይህ ነገር በባዕድ ሀገር ለሚያድግ ልጅ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ዜማውን ሲማር የሚመስሉትን ልጆች አብሮ ያገኛልና። በኢትዮጵያም ማኅሌት በግራና በቀኝ ተቁሞ የሚመላለሱት ስለሆነ፥ በአንድ ልጅ የሚሆን አይደለም። ሁለት ቤተሰብ ተስማምተው ልጆቻቸውን በአንድ ቤት ቢሰበስቡ፥ እያንዳንዱ ለብቻው መምህር ከሚቀጥር ይሻላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያከራክረው ነገር እንምጣ። አንዳንድ ወላጆች «ልጆቹ አማርኛ አያውቁም፥ ግእዙንማ ተውት፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሁን» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «አንዲት ቃል ከተለወጠች ሃይማኖት ጠፋ» ይላሉ። ሁለቱም የአባቶችን ሥራ አልተመለከቱም። ግእዝ የአፍ ቋንቋ መሆኑ በቀረ ጊዜ ሊቃውንት ምን አደረጉ? ንባቡን በግእዝ እንዳለ አኖሩት፤ አንድምታውን ግን ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ አወረዱት። የኔታ ንባቡን ያስነብባል፥ ወዲያው ትርጓሜውን ያወርዳል፤ ተማሪው ሁለቱን ባንድነት ይይዛል። እንዲሁ ሁሉ በቶሮንቶ ያለ ካህን ንባቡንና ዜማውን እንደ ጥንቱ አስይዞ አንድምታውን በእንግሊዝኛ ቢያወርድ፥ በፍራንክፈርት ያለውም በጀርመንኛ ቢያወርድ፥ አዲስ ነገር አመጣ አይባልም፤ የጎንደርን ሊቃውንት መንገድ ተከተለ ይባላል እንጂ።

የማይገባው ግን መዝሙሩን በላቲን ፊደል እየጻፉ ለልጅ መስጠት ነው። በዚያ ፊደል ጠ እና ተ፥ ቀ እና ከ ሳይለዩ ይቀራሉ፤ ልጁም የአባቱን ቃል በሰው ፊደል እያነበበ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ፊደል ቆጠራ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ በሳምንት አንድ ሰዓት ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ቢቆጥር፥ ከፊደለ ሐዋርያው አልፎ ንባቡን ሲጀምር ወላጁ ራሱ ይገረማል። በዓመት አንድ ቀን ነጭ ልብስ አልብሶ፥ ከበሮ አስይዞ ሥዕሉን ማንሣት ግን ትምህርት አይባልም። አያት ሥዕሉን አይታ ደስ ይላታል፤ ይህም አይከፋም፤ ልጁ ግን ከበሮው ለምን እንደሚመታ፥ ጸናጽሉስ መቼ ዝም እንደሚል አላወቀም።

ይህ ደብር ሊያደርግ የሚችለው ነገርም አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወራት ከጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ ብዙ ቤተሰብም ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፤ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል፤ የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ ጾመው ለቅዳሴ ይሰለፋሉ። ከውጭ የመጣው ልጅ ግን ጭቃው ያሳምመዋል፥ ረኃቡም ይጎዳዋል ተብሎ በሳሎን ቴሌቪዥን ሲያይ ይከርማል። ይህ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ቢሰለፍ፥ ከቅዳሴ በኋላም የኔታ ዘንድ ቀርቦ ከበሩ በተገዛ የፊደል ገበታ ሀ ሁ ቢል፥ እንግሊዝኛ የሚያውቁት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም አጠገቡ ተቀምጠው ቢያስረዱት፥ ዐሥራ አምስቱ ቀን ሳያልፍ ብዙ ይይዛል። ወደ ሀገሩ ሲመለስም መሪጌታው የሚያርመውን በስልክ ይከታተለው፤ ለዚህ ስልኩ መልካም መሣሪያ ነው። ቤተሰቦቻቸው ለክረምቱ የሚመጡባቸው ምእመናን የልጆቹን ስምና ዕድሜ ከሐምሌ ወር በፊት ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ቢያስመዘግቡ፥ የኔታም ምን ያህል ወንበር እንደሚያሻ ያውቃሉ።